ፓወር ሰፕላይ በምርቃት አይገዛም

ይድረስ ዴስክቶፕ ለማስገጣጠም ገንዘብ ላጠራቀሙት አንባቢ፤

ፕሮሰሰሩን መርጠዋል፣ የግራፊክስ ካርዱን ዋጋ ሱቅ ለሱቅ ዞረው ጠይቀዋል፣ ራሙ 16 ይሁን 32 እያሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመዋል። ፓወር ሰፕላዩስ? ሻጩ «እሱ ከኬዙ ጋር ነው» ብሎዎታል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው «ከኬዙ ጋር ነው» የሚሉት ምርቃት ነው። የሽንኩርት ምርቃት ቢበላሽ ተጥሎ ያበቃል፤ ይኼኛው ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

እስቲ ያዙሩትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ያንብቡ። በትልቁ የተጻፈው «600 ዋት» ለጊዜው ይቆይ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ ይፈልጉ። የዛሬ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ኃይላቸውን ከሞላ ጎደል የሚወስዱት ከዚያ መስመር ነው። 25 አምፔር ካለ፣ በ12 ሲባዛ 300 ዋት ብቻ ነው። የቀረው 300 እምብዛም በማይፈልጉት በ5 እና በ3.3 ቮልት መስመሮች ላይ የተቆጠረ ነው፤ አለዚያም ከነጭራሹ የለም። ደህና የሚባል 550 ዋት ፓወር በዚሁ ቦታ 45 አምፔር ገደማ፣ ማለትም 540 ዋት ይጽፋል። «600» ከ«550» የሚያንስበት ገበያ ውስጥ ነን።

ስንት ዋት ይበቃዎታል? ቪዲዮ ለማቀናበር አርቲኤክስ 3060 አስበው ከሆነ ካርዱ 170 ዋት ነው። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር 65 ዋት ተብሎ ይሸጣል፣ ሥራ ሲበዛበት ትንሽ ከፍ ይላል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኑ ሲደመሩበት ጠቅላላው 300 ዋት ገደማ ነው። ኤንቪዲያ ግን ለዚህ ካርድ 550 ዋት ይመክራል። ካርዱ ለሽርፍራፊ ሰከንድ ከተጻፈበት በላይ ይስባልና መጠባበቂያ ያሻዋል፤ ኩባንያውም የየቤቱን ፓወር ጥራት አያውቅም። «850 ይግዙ» የሚልዎትን ግን አመስግነው ይለፉት። ትርፉን ገንዘብ በጥራት ላይ ያውሉት።

«80 ፕላስ ብሮንዝ» ወይም «ጎልድ» የሚለው ምልክት የሚናገረው ስለ ቆጣቢነት ነው። ብሮንዝ በግማሽ ጭነት ከሶኬት ከሳበው 85 በመቶ ያህሉን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ግን አይነግርዎትም። እኔ ከዚያ ይልቅ የዋስትናውን ዘመን እጠይቃለሁ፣ በእጄም አንስቼ እመዝነዋለሁ። ውስጡ የጎደለ ፓወር ሲያነሱት ይቀላል።

መብራታችንን ደግሞ ያውቁታል። በወረቀት 220 ቮልት ነው፤ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ ግን አምፖሉ ይደበዝዛል። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ፓወር እንዲህ ያለውን መውረድ ሳይሰማው ያልፋል። ከ240 በላይ የሚዘለው ነው የሚፈራው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋም ይቆዩ።

ዩፒኤስ ሲገዙ ቪኤ እና ዋት አይምታቱብዎት። 650 ቪኤ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሸከመው። ደግሞም አንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚሰጠው የተቆራረጠ ሞገድ ከዘመናዊ ፓወሮች ጋር አይስማማም፤ መብራት በሄደበት ቅጽበት ኮምፒውተሩም አብሮ ድርግም ይላል። ከተቻለ ኮምፒውተርዎን ይዘው ይሂዱና ሱቁ ውስጥ ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅለው ይሞክሩት።

ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል ወይም ኤችፒ ገዝተው ካርድ ሊጨምሩበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ትንሹ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ለምሳሌ ፓወሩ 240 ዋት ነው፤ ቅርጹም የራሱ ስለሆነ ከገበያ የተገዛ መደበኛ ፓወር አይገባበትም። በብዙ የኤችፒ ማሽኖች ላይ የማዘርቦርዱ መሰኪያ ራሱ ይለያል። እዚህ ላይ ፓወር ከመቀየር ይልቅ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ ከ75 ዋት የማይበልጥ፣ ቁመቱ አጭር ካርድ መፈለግ ይሻላል።

ገመዶቹ የሚነቀሉ ፓወር ከገዙ የሌላ ብራንድ ገመድ አይሰኩበት። በፓወሩ በኩል ያለው ጫፍ ተመሳስሎ ሳለ የሽቦዎቹ አደራደር ይለያያል፤ በዚህ የተነሳ ዲስክ ይቃጠላል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ አሮጌ ዴስክቶፕ ከላከልዎት፣ ከመሰካትዎ በፊት ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ መሳይ ነገር መኖሩን ይዩ። ካለ ወደ 230 ይግፉት። በ115 እንዳለ 220 ላይ ከተሰካ ጯ ብሎ ይፈነዳል። ከፈነዳ በኋላ ብሎኑን አይፍቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

አክባሪዎ