የምርጫ ወቅትና የአባይ ጥያቄ፦ መሪ በሁለት ሸንጎ ፊት

የአንድ አገር የውጭ ፖሊሲ የውስጥ ሁኔታዋ ነጸብራቅ መሆኑ በተደጋጋሚ የተነገረና በተግባርም የተረጋገጠ ሐቅ ነው። ይህ ዝምድና ከምን ጊዜውም በላይ ጎልቶ የሚታየው ግን በምርጫ ወቅት ነው። በዚህ ወቅት አንድ መሪ በአንድ ጊዜ በሁለት ሸንጎ ፊት ይቆማል። በአንደኛው ሸንጎ ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ተቀምጧል፤ በሁለተኛው ጎረቤት አገሮች፣ አበዳሪዎችና ኃያላን መንግሥታት ተቀምጠዋል። ለአንደኛው የተነገረው ቃል በሁለተኛው መሰማቱ፣ ከሁለተኛው ጋር የተፈረመው ውልም ውሎ አድሮ የአንደኛውን ኑሮ መንካቱ አይቀርም።

ጉዳዩ የዋና ከተማና የዲፕሎማቶች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ከብቸናና ከሞጣ እንነሣ። ከጮቄ ተራራ ሥር የሚመነጩት እንደ ሙጋና ሱሃ ያሉ ወንዞች የምሥራቅ ጎጃምን ምድር አቋርጠው ወደ አባይ ይወርዳሉ። ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. የናይልን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ በውሉ አልነበረችም። አሁንም አንድ መሪ ስለ አባይ የሚፈርመው አንቀጽ የሚመለከተው ጉባ ላይ የተሠራውን ግድብ ብቻ አይደለም። የብቸና ገበሬ ልጅ ነገ ሱሃን ጠልፎ መስኖ ለማልማት ቢያስብ ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም የሚለውም በዚያው አንቀጽ ሊወሰን ይችላል። ስለሆነም ጥያቄው የሰፊው ሕዝብ የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው።

ይህ አጣብቂኝ በተጨባጭ የታየው በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ነበር። የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ባንክ በዋሽንግተን በታዛቢነት የተቀመጡበት ድርድር በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ ፊርማ ሲገፋ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት በአገር ውስጥ ያለው ምክክር አልተጠናቀቀም በማለት በመጨረሻው ስብሰባ ሳይገኝ ቀረ። በዚያን ጊዜ ምርጫው ለነሐሴ 23 ቀን ታቅዶ ነበር፤ ኋላ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተላለፈ። ከሚያከራክሩት ነጥቦች ዋናዎቹ በተከታታይ ድርቅ ዓመታት ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ የሚለውና የላይኛው ተፋሰስ የወደፊት ልማት ጉዳይ ነበሩ። የዋሽንግተን መንግሥት በበኩሉ ለኢትዮጵያ ከሚሰጠው ርዳታ ከፊሉን አገደ። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕም ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የራሳቸው ምርጫ 11 ቀን ሲቀረው፣ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል በአደባባይ ተናገሩ። ከዚህ የምንረዳው የምርጫ ወቅት ግፊት በድሀ አገር መሪ ላይ ብቻ የሚደርስ አለመሆኑን ነው፤ የኃያሉም አገር መሪ ለመራጩ የሚያሳየው ፈጣን ውጤት ይፈልጋል።

በ2013 ዓ.ም. ቅራኔው ይበልጥ ተወሳሰበ። በጥቅምት ወር በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሱዳን ጦር አል ፋሽቃን ያዘ፤ በመጋቢት መጨረሻ በኪንሻሳ የተካሄደው ውይይት ያለ ውጤት ተበተነ፤ በግንቦት አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ የቪዛ ማዕቀብ ጣለች። ምርጫው ሰኔ 14 ቀን ተካሄደ። የጸጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 1 ቀን በግድቡ ላይ ተወያየ፤ የሁለተኛው ዓመት ሙሌት መጠናቀቁ ሐምሌ 12 ቀን ተገለጸ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በግድቡ ሙሌት የማያወላውል አቋም ሲይዙ፣ መንግሥታቸው በአል ፋሽቃ ጉዳይ ግን በዲፕሎማሲ መፍታትን እንደሚመርጥ አስታወቀ። የመጀመሪያው አቋም በአደባባይ ያስጨበጭባል፤ ሁለተኛው በተለይ በድንበሩ አካባቢ ያስወቅሳል። ነገር ግን የውጭ ፖሊሲ በጭብጨባ መጠን አይመዘንም። በሰሜን ጦርነት እየነደደ በምዕራብ ሌላ ግንባር አለመክፈት፣ ድምፅ የሚያስቀር ቢሆንም እንኳ፣ ሕይወት የሚያተርፍ ውሳኔ ነበር ብለን እናምናለን።

በመሠረቱ በምርጫ ዋዜማ አንድን መሪ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የሰላም ሰው ለመባል ቸኩሎ መፈረም ነው። ሁለተኛው የጀግና ስም ለማትረፍ ሊመለሱበት የማይቻል ቃል መናገር ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ሕዝቡን እንደ ተመልካች እንጂ እንደ ጉዳዩ ባለቤት አለመቁጠር ነው።

የባድመ ጉዳይ ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የተሰጠው ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኅዳር ወር 1997 ዓ.ም. ባለ አምስት ነጥብ የሰላም ሐሳብ ለምክር ቤት ሲያቀርቡ ውሳኔውን በመርህ ደረጃ መቀበላቸውን ገለጹ፤ ምርጫው ግንቦት 7 ቀን ሊደረግ ስድስት ወር ያህል ቀርቶት ነበር። በመርህ ደረጃ የሚለው ቃል ለውጭው ሸንጎ መቀበል፣ ለአገር ውስጡ ሸንጎ ደግሞ ገና አለመጨረስ መስሎ እንዲሰማ የሚያስችል ነበር። ለጊዜው ሁለቱንም ሸንጎ አሳለፈ። ሆኖም ገዥው ፓርቲ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል ያስታወቀው ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለፉትን ከ13 ዓመታት በላይ ሰላምም ጦርነትም በሌለበት ሁኔታ በምሽግና በተዘጋ ድንበር የኖረው ወታደሩና የድንበሩ ነዋሪ ነው። በሁለት ትርጉም የተነገረ ቃል ዕዳውን የሚከፍለው ተናጋሪው አይደለም።

አንዳንዶች የውጭ ጉዳይ ምሥጢር ስለሆነ ለተራው ሕዝብ አይገለጽም ይላሉ። የድርድር ስልት በምሥጢር መያዙ ተገቢ ነው፤ ተቀናቃኝ እንዲያውቀው አይፈለግምና። የድርድሩ ግብና ወሰን ግን ምሥጢር ሊሆን አይገባም። ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ፣ ነጋዴው ከትርፉ ቦንድ እየገዛ ግድቡን ሠርቷል። ገንዘብ ሲዋጣ ባለቤት የተባለ ሕዝብ፣ ውል ሲረቀቅ እንግዳ ሊባል አይችልም።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይሁንና እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስቱ አገሮች ስለ ሙሌቱና አሠራሩ አሳሪ ስምምነት አልፈረሙም። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. በካርቱም የተፈረመው የመርሆች መግለጫ ዝርዝሩን ለኋላ ድርድር የተወ ነበር፤ እርሱም ቢሆን የተፈረመው ከምርጫ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደፊት በሚመጡት መሪዎችና ምርጫዎችም ላይ ይነሣል።

ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚወስደው መንገድ፣ በአባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ በወዲህና በወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ለሌላ አገር ድርድር የሚወጣ መሪም እንደዚያ መንገደኛ ነው። በወዲህ ማዶ ያለውን ገመድ የሚይዘው ሕዝቡ ነው፤ የያዘውን ነገር ሳያውቅ ግን አጥብቆ ሊይዝ አይችልም።

ስለሆነም ተወዳዳሪ ለምርጫ ቅስቀሳ ሲመጣ፣ በዕድርም ሆነ በቀበሌ ስብሰባ፣ በፋብሪካም ሆነ በመሥሪያ ቤት ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። በድርቅ ዓመት ምን ያህል ውሃ ለመልቀቅ ትስማማለህ? ክርክር ቢነሣ ዳኛው ማነው? የገባር ወንዞቻችንን የወደፊት ልማት የሚገድብ ቃል ትፈርማለህን? ለእነዚህ ግልጽ መልስ ያለው ሰው የትኛውም ወገን ይሁን ሊደመጥ ይገባዋል። መልስ ሳይኖረው ስለ አገር ፍቅር ብቻ የሚያስጨበጭበው ግን ነገ በሌላው ሸንጎ ፊት ምን እንደሚል ዛሬ አልነገረንም። እርሱ ሳይነግረን ድምፃችንን መስጠት የለብንም።