መዋጮ መሰብሰብ ብቻውን አያድንም

በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓላማው ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ እንዲታከም ነው። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ አባወራ ሕመሙ ሳይጸናበት ወደ ጤና ጣቢያ ስለሚሄድ የላቦራቶሪው መሣሪያ ሥራ ያገኛል።

ይሁን እንጂ የመድኑ ገንዘብ ለጤና ጣቢያው በወቅቱ ካልደረሰ የመመርመሪያ ኬሚካል መግዣ ይጠፋል፤ ማይክሮስኮፑም ይቆማል። የመድን መታወቂያ የያዘው አባልም ወደ ግል ክሊኒክ ሄዶ ዳግመኛ ከኪሱ ይከፍላል፤ በከርሞውም መዋጮ አልሰጥም ይላል።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ተግባር በመኸር ወቅት መዋጮ ከማሰባሰብ ማለፍ ይኖርበታል። ገንዘቡ ለጤና ጣቢያው መድረሱን፣ ላቦራቶሪውም መሥራቱን በየጊዜው እየጠየቁ ውጤቱን ለአባላት በስብሰባ ሊያስታውቁ ይገባል።