የሚመችና የሚበጅ አጠናን

የፈተና ወቅት ሲቃረብ በጅጅጋ ከተማ በየትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ የሚሰማው ወሬ ይለወጣል። ሦስት ጓደኛሞች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው፣ «ለእኔ ነገር የሚገባኝ በጆሮዬ ነው፤ መምህሩ ሲናገር ከሰማሁ ይበቃኛል፤ መጽሐፍ ማገላበጥ ለእኔ አልተፈጠረም» ይላል። ሁለተኛዋ፣ «እኔ ደግሞ ሥዕልና ካርታ ካላየሁ አንዳች ነገር አይገባኝም» ትላለች። ሦስተኛው፣ «እኔ በእጄ ያልሠራሁትን አላውቀውም፤ ስለዚህ የታሪክን ትምህርት ከወዲሁ ትቼዋለሁ» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ስለ ራሳቸው እውነቱን የተናገሩ ይመስላቸዋል። እናንተስ ከሦስቱ ወደ የትኛው ታደላላችሁ?

መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። ራስን ማወቅ የብልህነት መጀመሪያ መሆኑ አይካድም። ተማሪ በምን ሁኔታ ቢያጠና ትምህርቱ እንደሚጸናለት መርምሮ ማወቅ ይገባዋል። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት የምንወደውን አጠናን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ የሚበጀንን አጠናን ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን እንደ አንድ የሚቆጥር ተማሪ ራሱን ያወቀ እየመሰለው በራሱ ላይ አጥር ያጥራል።

ተማሪዎችን የጆሮ፣ የዐይንና የእጅ ሰዎች እያሉ መከፋፈል በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ኒል ፍሌሚንግ የተባለ የኒውዚላንድ መምህር እ.ኤ.አ. በ1987 ተማሪዎች በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ እንዲሁም በተግባር ከመማር የትኛውን እንደሚመርጡ የሚጠይቅ መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር። ሐሳቡም በየአገሩ ተሰራጨ። ነገር ግን ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን ጥናቶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተማሪን እንደ ምርጫው ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ ገለጹ። ሰው ምርጫ የለውም አላሉም፤ ምርጫ መኖሩማ ግልጽ ነው። ምርጫው የትምህርት ውጤትን እንደሚወስን ግን አልተረጋገጠም።

ይህ ጉዳይ በጅጅጋና በአካባቢው ከተሞች ለሚኖር ተማሪ ተጨማሪ ትርጉም አለው። የሶማሌ ሕዝብ ታሪኩንና ግጥሙን ለብዙ ዘመን በቃል ሲያስተላልፍ የኖረ በመሆኑ፣ «ልጆቹ የሚማሩት በጆሮ እንጂ በንባብ አይደለም» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ይህ አባባል ምስጋና ይምሰል እንጂ ልጆቹን ከመጽሐፍ የሚያርቅ ነው። ደግሞም እውነት አይደለም። ለዚህም ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ገና በሕፃንነታችሁ የተቀመጣችሁበት ዱግሲ ነው።

ዱግሲ በሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከእንጨት የተሠራ ሰሌዳ ይይዛል። ከከሰል በተዘጋጀ ቀለም የዕለቱን ትምህርት በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ እዚህ ላይ እጁ ይሠራል። የጻፈውን ትኩር ብሎ ያያል፤ ዐይኑ ይሠራል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ያነባል፤ ምላሱም ጆሮውም ይሠራሉ። በመጨረሻም ሰሌዳውን ሳያይ ለመምህሩ በቃሉ ይወጣዋል። መምህሩ ከተቀበለው በኋላ ሰሌዳው በውኃ ይታጠባል፤ ለነገው ትምህርትም ባዶ ይሆናል። የታጠበውን ትምህርት ከእንግዲህ ከሰሌዳው ላይ ማንበብ አይቻልም፤ የሚገኘው በልጁ ልብ ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «አንተ የዐይን ልጅ ነህ፤ አንቺ የጆሮ ልጅ ነሽ» የሚባል መለያየት የለም። አንዱ ልጅ በሁሉም ይማራል።

የጥንት መምህራንም ትምህርቱ የሚገባበትን መንገድ በብርቱ አስበውበታል። ሼክ ዩሱፍ አል ከውነይን፣ በሌላ ስማቸው አው በርኸድሌ፣ የዐረብኛን የአናባቢ ምልክቶች በሶማሊኛ ቃላት ማስተማሪያ ዘዴ እንደፈጠሩ በሰፊው ይነገርላቸዋል። ሕፃኑ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ወይም በታች መሆኑን በዐይኑ እያየ፣ ይህንኑ በራሱ ቋንቋ በዜማ እያለ ይማራል። እኚህ መምህር ልጆቹን በዓይነት አልከፋፈሉም፤ ትምህርቱን ለሁሉም አቀለሉት እንጂ።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ባለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም የሚታየው ይኸው ነው። ተማሪው ቀን ቀን ንባቡን ከመጽሐፍ ይማራል፤ ሲመሽና ብርሃን ሲጠፋ ደግሞ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናል። ቀን ዐይኑ፣ ማታ ጆሮው ያገለግለዋል። ሁለቱም ትውፊቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ያውቁታል፤ ሆኖም አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም።

ንባብ የተወሰኑ ሰዎች ተሰጥዎ ብቻ አለመሆኑን የቅርብ ታሪካችንም ያሳያል። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማስተማሪያ ቋንቋዎቹ አንዱ ሶማሊኛ ነበር። በዚያ ዘመቻ ዕድሜያቸውን ሁሉ በጆሮ ሲማሩ የኖሩ ብዙ ጎልማሶችና አረጋውያን በየቋንቋቸው ፊደል ቆጥረዋል። «እኛ የጆሮ ሰዎች ነን» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ያ በር ባልተከፈተላቸው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። «የያዝሁት ትምህርት ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ከአማርኛው ትምህርታችን ምሳሌ እንውሰድ። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ ደግሞ የበዓል ስም ይሆናል። ፊደሉ ልዩነቱን አያሳይም። ስለዚህ ማንም ተማሪ፣ የዐይን ሰው ነኝ የሚለውም ጭምር፣ መጥበቅና መላላትን በጆሮው ሰምቶ በአንደበቱ ማለማመድ አለበት። የ«ጠ» እና የ«ጨ» ድምፆች በሶማሊኛ ስለማይገኙ አፉን በሶማሊኛ የፈታ ተማሪም እነዚህን በመስማትና በመናገር እንጂ ቅርጻቸውን በማየት ብቻ አይለምዳቸውም።

በአንጻሩ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በዛሬው አማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። «ሐሳብ» የሚለው ቃል በየትኛው እንደሚጻፍ ጆሮ ሊነግረን አይችልም። የጆሮ ሰው ነኝ የሚለው ተማሪም በዐይኑ አይቶ በእጁ ከመጻፍ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መሥመር ላይ ያሉትን ሺኒሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻንና ደወሌን በቅደም ተከተል ለማወቅም ካርታውን አይቶ፣ ከዚያ ካርታውን ከድኖ በባዶ ወረቀት ላይ ማስፈር ይበልጣል። መንገዱን የሚመርጠው በአብዛኛው ትምህርቱ ነው፤ እኛ አይደለንም።

«ታዲያ የሚመቸኝን አጠናን ብከተል ምን ይጎዳኛል?» የሚል ይኖራል። ጉዳቱ ምቾት አታላይ መሆኑ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጭር ምንባብ እንዲያጠኑ አደረጉ። ከፊሎቹ ምንባቡን አራት ጊዜ አነበቡ። ሌሎቹ አንድ ጊዜ ብቻ አንብበው፣ ምንባቡን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሦስት ጊዜ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ፣ ሌሎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ብቻ ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ይበልጥ እናስታውሳለን ብለው ተማምነው የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። ንባቡ ስለቀለላቸው ያወቁት መሰላቸው። ሳያይ ለማስታወስ የሚታገል ተማሪ ግን ድካሙ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ይህን መንገድ አይወደውም። የሚበጀው ግን እሱ ነበር። ዱግሲው ሰሌዳውን ሲያጥብ የኖረው ይህ ጥናት ከመታተሙ ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

ሰው ሁሉ አንድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በተማሪዎች መካከል እውነተኛ ልዩነት አለ። መጀመሪያ በሶማሊኛ ተምሮ የሳይንስን ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲጀምር የተቸገረ ተማሪ ችግሩ የቋንቋ ነው፤ «ማንበብ አይሆንልኝም» ብሎ ቢደመድም ራሱን ይበድላል። የሚያስፈልገው አዳዲስ ቃላትን በሶማሊኛ ትርጉማቸው እየመዘገበ ማጥናት ነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የሚደበዝዝባት ተማሪ የጆሮ ሰው ስለሆነች ሳይሆን ዐይኗ ሕክምና ስለሚያሻው ሊሆን ይችላል፤ ለመምህሯና ለወላጆቿ መንገር አለባት። በቶጎ ውጫሌ ወይም በአውበሬ ገበያ ከትምህርት መልስ ወላጆቹን የሚረዳ ልጅ የሚያጠናበት ሰዓት ከጓደኛው ሰዓት የተለየ ነው። ጎሕ ሲቀድ አእምሮው የሚነቃ አለ፤ ማታ ጸጥታ ሲሰፍን የሚበረታም አለ። ራሳችንን መመርመር ያለብን እንዲህ ባሉት ጉዳዮች ነው።

ምርመራው እንዴት ይከናወን? ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ማስታወስ ያሳተመው መጽሐፍ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ የተመሠረተ ነበር። ትርጉም የለሽ ቀለማትን በዝርዝር እያጠና ምን ያህሉን እንደረሳ ይለካ ነበር። በአንድ ቀን 68 ጊዜ ከመደጋገም ይልቅ በሦስት ቀን ተከፍሎ 38 ጊዜ መደጋገም እንደሚሻልም አስተዋለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉ የለ!

እናንተም የራሳችሁ ተመራማሪ ሁኑ። ከታሪክ ወይም ከባዮሎጂ መጽሐፋችሁ በርዝመትም በክብደትም የሚመሳሰሉ ሁለት ምንባቦች ምረጡ። አንደኛውን በሚመቻችሁ መንገድ ለግማሽ ሰዓት አጥኑ። ሁለተኛውንም ለግማሽ ሰዓት አጥኑ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ካነበባችሁ በኋላ መጽሐፉን ከድናችሁ የምታስታውሱትን ጻፉ፤ ጮክ ብላችሁም ለጓደኛ አስረዱ፤ የተሳሳታችሁትን ከመጽሐፉ አርሙ። ከሳምንት በኋላ ሁለቱንም ሳታዩ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉና አወዳድሩ። ሙከራውን በሌላ ሰዓትና በሌላ ትምህርት ድገሙት፤ ውጤቱንም በማስታወሻ ደብተራችሁ መዝግቡት። ሚዛናችሁ ስሜታችሁ ሳይሆን ያ ባዶ ወረቀት ይሁን።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በተማሪው ላይ የሚጫን አይደለም። የመጽሐፍ፣ የመምህርና የትምህርት ቤት ጉድለት በተማሪ እጅ አይቃናም። የአጠናን ልማድ ግን በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ በእጃችን ያለውን ደግሞ «ተፈጥሮዬ ነው» በሚል ሰበብ ልንጥለው አይገባም።

«ዕውቀት ማጣት ብርሃን ማጣት ነው» የሚል የሶማሊኛ ተረት አለ። ብርሃን በአንድ መስኮት ብቻ አይገባም። ስለዚህ ከዛፉ ጥላ ሥር ለተቀመጡት ሦስት ጓደኛሞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የጆሮው ሰው መጽሐፉን ይክፈት፤ የዐይኗ ሰው ጮክ ብላ ታስረዳ፤ የእጁም ሰው የተወውን ታሪክ በገዛ እጁ ይጻፈው። ከዚያም ሦስቱም ሰሌዳቸውን ይጠቡና የቀረላቸውን ይመልከቱ። የእነርሱ የሆነው ያ የቀረው ነው።