ወርቅ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል?

በቅርቡ በአንድ ክፍል ውስጥ አስተማሪው፣ «ወርቅ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል?» ብለው ቢጠይቁ፣ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «የወርቁ መጠን ምን ያህል ነው?» ሲል መልሶ ጠየቀ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። 1064 ብሎ የመለሰው ተመሰገነ፤ ጠያቂው ዐፍሮ ተቀመጠ። እኔም ከሣቁት አንዱ ነበርሁ። ሣቃችን ያላዋቂ ሣቅ እንደ ነበረ ለመመስከር ዛሬ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

በጠጣር ነገር መካከል ያለ አቶም በዙሪያው ሁሉ ጎረቤት አለው፤ ጎረቤቶቹም አጥብቀው ይይዙታል። በገጹ ላይ ያለው ግን አንድ ወገኑ ባዶ ስለ ሆነ አያያዙ የላላ ነው። ስለዚህ መቅለጥ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከገጽ ነው። አንጥረኛ በሚይዘው ወርቅ ውስጥ የገጹ አቶሞች ከውስጠኞቹ ጋራ ሲነጻጸሩ ከቍጥር አይገቡም። ነገሩ እጅግ እየሳሳ ሲሄድ ግን ጠረፉ አገሩን ያህላል። ሚዬኮ ታካጊ የተባለች ጃፓናዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የቢስሙት ስስ ሽፋኖች ከተለመደው ዲግሪ በታች እንደሚቀልጡ በኤሌክትሮን ጨረር አሳይታለች። ስፋቷ ከሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ የወርቅ ቅንጣትም ከ1064 በመቶዎች በሚቈጠር ዲግሪ ዝቅ ብሎ ትቀልጣለች።

ባዶ በነበረው ወገን ጽኑ ጎረቤት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብር በ961 ዲግሪ ይቀልጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ ጥናት፣ በወርቅ የተለበጡ የብር ቅንጣቶች ከዚህ ዲግሪ አልፈው ቢሞቁም ለጊዜው ሳይቀልጡ ቈይተዋል። ወርቁ ከብሩ ጋራ ተገጣጥሞ፣ ይላላ የነበረውን ገጽ ስለ ያዘው ነው።

«ይህ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። ዛሬ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሠሪዎች እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶችን፣ ብር ከሚቀልጥበት እጅግ ባነሰ ሙቀት እርስ በርስ ያያይዛሉ። ሠንጠረዡን ብቻ የሸመደደ ሰው ይህን ሥራ አይቻልም ብሎ በተወው ነበር።

ሠንጠረዡ ሐሰት ነው አልልም፤ 1064 ለትልቅ ወርቅ እውነት ነው። ነቀፌታዬ፣ ቍጥሩ ለምን ዓይነት ነገር እንደ ተጻፈ ሳይነግሩ ማስጠናት፣ ሳይጠይቁም ማጥናት ነው። መምህራኖቻችን በፈተናው ላይ «መጠኑ ምን ያህል ነው? በምንስ ተከቧል?» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል? እኛም ጠያቂን በሣቅ ማሸማቀቅ እንተው። ያ ጓደኛችን ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን አላነሣም።