ቤት የሌለው ባንድ

አንድ ባንድ ሲፈርስ በከተማው የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ከማን ተጣላ?» የሚል ነው። ወሬው ይጣፍጣል፤ የሚያስረዳን ነገር ግን ትንሽ ነው። ሙዚቀኛ የማይጣላበት ባንድ የት አለ? እየተኳረፉ ሃምሳ ዓመት አብረው የተጫወቱ እንኳ አሉ። እኛ አገር የባንድን ዕድሜ የሚያሳጥረው ጠቡ ሳይሆን ማታ ማታ የሚቆምበት የራሱ መድረክ ማጣቱ ነው።

ጃኖ ባንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 ተሰባሰበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ፕሮዲውስ ያደረገውን «ኤርታሌ» ይዞ ብቅ አለ። ከጀርባው ሥራ አስኪያጁ አዲስ ገሠሠ ነበር። ከፊት አራት ድምፃውያን ቆሙ፦ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሄዋን ገብረወልድ እና ሃሌሉያ ተክለፃድቅ። የሮክ ጊታር በአገር ቅኝት ሲጮህ አንዳንዱ አድማጭ ጆሮውን ያዘ፤ ወጣቱ ግን ዘለለ። ለእኔ የጃኖ ትልቁ ሥራ ጩኸቱ አይደለም። እኛ ዘንድ አልበም የድምፃዊ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የእሱ ፎቶ ይወጣል፣ ጊታሪስቱና ድራመሩ በደቃቅ ፊደል ከውስጥ ይመሰገናሉ። ጃኖ ይህን ገልብጦ ሽፋኑን ለባንዱ ሰጠ።

ሽፋን ግን ደመወዝ አይከፍልም። ይህን ሁሉ ሰው፣ ድራምና ሳውንድ ሲስተም ይዞ በዓመት ጥቂት ኮንሰርት መኖር አይቻልም፤ ኮንሰርቱም ስፖንሰር ሲገኝ ነው። ሰርግ የሚጠራ ሰው ደግሞ የሮክ ጊታር አይፈልግም። ሁለተኛው አልበም «ለራስህ ነው» የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃውያኑ በየግል ሥራቸው መታየት ጀመሩ። ገበያው ወደሚያውቀው መንገድ መለሳቸው ማለት ነው።

ከካዛንቺስ ጥግ፣ ሒልተን ውስጥ፣ ሌላ ታሪክ ነበር። ዋሊያስ ባንድ መሣሪያዎቹን ራሱ ገዝቶ፣ ከሆቴሉ ጋር ተዋውሎ ለዓመታት ተጫውቷል። በደርግ ሰዓት እላፊ ምሽት ዘፈኑ ቢያልቅም እንግዳው መሄጃ ስላልነበረው እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። «ሆቴል ባንድን ያደነዝዛል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ እንግዳ የሚወደውን መጫወት ግድ ነው። ቢሆንም በዋናነት የመሣሪያ ሙዚቃ የሆነው «ቸ በለው» አልበም የወጣው በዚያው የሒልተን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ባንዱ የተበተነው ከመድረኩ ሲርቅ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከፊሉ እዚያው ቀረ፤ ኃይሉም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ።

ካዛንቺስ መሐል የነበሩት አዝማሪ ቤቶች ደግሞ የራስ መድረክ ሙዚቀኛን እንደሚያኖር በትንሹ አሳይተዋል። አንድ መሰንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ አንዲት ዘፋኝ፤ ደንበኛው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው አዙሮ ይቀኝበታል፣ ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል። ወጪው ትንሽ፣ ገቢው የየምሽቱ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በልጅነቱ ለሽልማት እየጨፈረ ባንኮኒ ሥር ያድርበት የነበረውን አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ተረክቦ፣ «ኢትዮከለር» የተባለውን ቡድን ያቆመው በዚህ ስሌት ነው። የውጭ ጉዞው የመጣው በኋላ ነው፤ መሠረቱ የቤቱ ምሽት ነበር። ከዚያ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ልማት ሲመጣ ቤቱም ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ።

ሰፊው መንገድ ያምራል፤ አልክድም። ግን በአዲሱ ካዛንቺስ ሕንፃ የምታቆሙ ባለሀብቶች፣ የምድር ቤቱን አንድ ክፍል ለባንድ አከራዩ። በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ውል። ኪራዩም ለቡና መሸጫ ከምትጠይቁት አይብለጥ።