ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ አይደለም

ይድረስ ለአሶሳ፣ ለባምባሲ፣ ለሸርቆሌና ለኩርሙክ ወገኖቼ፤

ስልክ በተደዋወልን ቁጥር የምሰማው ወሬ ይህን ደብዳቤ አስጻፈኝ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ፤ መልሶ መላልሶ ያዘኝ።»

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ በሚበረታበት አገራችን ትኩሳት የያዘው ሰው ቅድሚያ የሚገባው የወባ ምርመራ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ግን ባክቴሪያውን ራሱን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1896 የፈረንሳዩ ሐኪም ዊዳል ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ የሚለካው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ቀድሞ ከዳነ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ወባም ሊያስነሳው ይችላል። ስለዚህ የአንድ ጊዜ ውጤት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ዌይል-ፌሊክስ የሚባለው የታይፈስ ምርመራም ድክመቱ ይኸው ነው። ለታይፎይድ የተሻለ የሚያስተማምነው የደም ካልቸር ምርመራ ቀናት ይፈጃል፤ በብዙ ጤና ተቋሞቻችንም አይገኝም።

ታዲያ ዊዳል ለምን ይታዘዛል? አንዱ ምክንያት እኛው ነን። ታማሚ የሕመሙን ስም ሳይሰማ ቤቱ መግባት አይፈልግም፤ ቤተሰብም «ምን አሉህ?» ብሎ ይጠብቀዋል። መርፌ ያላዘዘ ሐኪም እንዳላከመ ይቆጠራል። የግል ክሊኒክ ደግሞ የሚተዳደረው ከምርመራና ከመድኃኒት በሚያገኘው ገቢ ነው። በውጭ አገር ያለን ወገኖች የምንልከው ገንዘብም «ሙሉ ምርመራ ይደረግለት» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር ይደርሳል።

ያለ በቂ ምክንያት ምርመራ ማብዛት የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ብዙ ጤነኛ ሰው አንገቱን በአልትራሳውንድ መታየት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ተገኘባቸው የተባሉት ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆኑ፤ በበሽታው የሚሞቱት ቁጥር ግን አልተለወጠም።

እኛ ዘንድ ጉዳቱ የከፋ ነው። ታይፎይድ ተብሎ የታለፈ ወባ ይገድላል። ያለአግባብ የተወሰዱ ሴፍትሪአክሶንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጀርሙን መድኃኒት ያስለምዱታል። እውነተኛው ታይፎይድ አንጀት እስከ መብሳት የሚደርስ ክፉ በሽታ ነውና፣ እሱ የመጣ ቀን የሚሠራ መድኃኒት ያስፈልገናል።

ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ። ትኩሳት ሲይዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ወባ ታየልኝ? ይህ ውጤት ምን ያህል ያስተማምናል?» ብላችሁ ጠይቁ። መርምሮ «መድኃኒት አያስፈልግህም፤ ካልተሻለህ ተመለስ» ያለ ሐኪም ሥራውን ሠርቷልና አክብሩት። በውጭ ያለን ወገኖችም ለሕክምና ገንዘብ እንላክ፤ ምርመራውን ግን ለሐኪሙ እንተውለት።