ብልት ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ የዝሙት ማስረጃ አይደለም!

ወገኖቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ አንዳንዶቻችሁን ያሳፍር ይሆናል። ያሳፍር! ዝምታችን ትዳር እያፈረሰ፣ ዓይን እያጠፋ ነው።

እኛ ደሃና አንድ ሰው ብልቱ ላይ ቆሰለ ከተባለ ፍርዱ አለቀ። «ከየት አመጣው?» ይባላል። ሚስት ባሏን ትጠረጥራለች፣ ባል ሚስቱን ወደ እናቷ ቤት ይመልሳል። ታማሚውም ሐሜቱን ፈርቶ ቁስሉን ይደብቃል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ግን ቤሼት የሚባል በሽታ እንዳለ ማንም ማወቅ አለበት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰውነት በሽታ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ደም ሥሮቹን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አፍ ውስጥ ቁስል ይመላለሳል፣ ብልት ይቆስላል፣ ቅልጥም ላይ የሚያም ቀይ እብጠት ይወጣል፣ ዓይን ይቀላል፣ ይደበዝዛል። ዓይን ከነካና ካልታከመ ሊያሳውር ይችላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ በሽታው ከጻፈው ቱርካዊ የቆዳ ሐኪም ከሁሉሲ ቤሼት ነው። የእሱም ታካሚ ለዓመታት «ቂጥኝ ነው» ሲባል ነበር። አያችሁ? ስሕተቱ የቆየ ነው።

«ብርቅ በሽታ ነው፣ አታስፈራራን» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ብርቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቆሰለን ሰው ለአባላዘር መመርመርና ማከምም ተገቢ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምርመራው ነፃ ብሎት፣ መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ቁስሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስበት ያንኑ ክኒን ሰጥቶ «ደግሞ ከማን ጋር ሄድክ?» ማለት ሕክምና ሳይሆን ስድብ ነው!

ይህን በሽታ ብቻውን የሚለይ የደም ምርመራ የለም። የሚለየው ምልክቶቹን አንድ ላይ በማየት ነው። አፍህን ክፈት ማለት፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይቆስላል ብሎ መጠየቅ (ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ መጠርጠር ነው)፣ ዓይንህስ ማለት። ለዚህ ምን ማሽን ያስፈልጋል? አምደወርቅ ላይ ሆኖ መጠየቅ ይቻላል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ነርስና ጤና መኮንን የሆናችሁ፣ አደራ! ከጠረጠራችሁ ሪፈር ጻፉ፣ የቆዳና የዓይን ስፔሻሊስት ይየው። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ አለ። መንገዱ ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዕውርነት ግን ከዚያ ይርቃል። በሽታው ጨርሶ ባይድንም በመድኃኒት ይያዛል።

ሌሎቻችሁ ደግሞ የሰው ቁስል ላይ ዳኛ አትሁኑ። የታመመው ሰው ሐኪም እንጂ ሐሜተኛ አላጣም።